የሦስቱ ሌብሎች ፎቶ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ አበሻ ምግብ ቤት ምሳ እየበላሁ አንድ የማላውቀው ሰውዬ የድሮ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ የጠቀለልኩትን እንጀራ ትሪው ላይ መለስኩት። ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሦስት የጌም ካርቶን ታቅፎ፣ በፍንጭት ጥርሱ የሚስቀው ወጣት እኔ ነኝ።

«ጋሼ፣ የዚህን ካምፓኒ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። ከመጀመሪያዎቹ የቪዲዮ ጌም አሳታሚዎች አንዱ ነው፤ ኦፊሱ ሳንታ ሞኒካ ነበር። ሶ ይሄን አበሻ የሚያውቅ ሰው እየፈለግኩ ነው።»

ከፎቶው ጀርባ የተጻፈው ስም ግን የጓደኛዬ ነው። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የሥራ ፈቃድ አልነበረኝም። አብረን በምንኖርበት ቤት ወረቀት ያለው ለሌለው ማዋሱ የተለመደ ነበርና፣ የእሱን የሥራ ፈቃድ ካርድ ይዤ ተቀጠርኩ። አራት ዓመት ሙሉ በእሱ ስም ስጠራ «አቤት» አልኩ። በኋላ የዜግነት ቅጹ በሌላ ስም ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ሲለኝ፣ አላውቅም ብዬ ፈረምኩ። ዛሬ የድሮ ፋይል እየተገለበጠ ዜግነት ይነጠቃል ሲባል በሰማሁ ቁጥር ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።

«በተለይ ስለ ሌብሎቹ የሚነግረኝ ባገኝ» አለ።

ከእኔ ወዲያ ማን ይንገረው! ካምፓኒው አንድ፣ ካርቶኑ ላይ የሚለጠፈው የንግድ ስም፣ ሌብሉ፣ ግን ሦስት ነበር፤ ውዱ ጌም በአንዱ፣ ርካሹ በሌላው፣ የልጆቹ በሦስተኛው ይወጣል። ገዢው ሦስት ካምፓኒ የሚፎካከር ይመስለው ነበር። ሦስቱንም በአንድ ሙጫ የምለጥፈው እኔ ነበርኩ። ምላሴን በላኝ፤ ፍርሃቴ ግን በለጠ።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አልኩት። መነጽሬ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኖ ፕሮብሌም። ከጀርባው ስማቸው የተጻፈው ሰውዬ አምና አርፈዋል፤ ልጃቸው ግን አሁን እዚህ ትመጣለች።»

እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት፤ የአባቷን ፊት ካላወቀች ማን ሊያውቅ ነው? ልነሳ ስል በሩን ከፍታ ገባች። አገላብጣ ሳመችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ፎቶውን አንስታ አየችው፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ፍንጭቴ እንዳይታይ ከንፈሬን ግጥም አደረግኩ።

«አባቴ ነው» አለች። «ሲስቅ እንዲህ ነበር።»

አባቷ ፍንጭት አልነበረም።

ሰውዬው አጎንብሶ የአባቷን ስም መጻፍ ጀመረ። የዳንኩ መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ ያ ሁሉ ካርቶን፣ ያ ሁሉ ሙጫ የሟች ሆኖ መቅረቱ አንገበገበኝ። እሷ ከትሪዬ ጠቅልላ እጇን ወደ አፌ ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ» አለችኝ።

ሰውዬው ቀና ሳይል አፌን ከፈትኩ።