ያልተሰረዘው መስመር

የተቃጠለ ዘይት በሸተተኝ ቁጥር ያ ሐሙስ ይመጣብኛል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እኔና አባቴ ሞተር ልንገዛ ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ተነሳን።

የአባቴ ሚኒባስ ተፍኪ መንገድ ላይ ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ያሳደገን የዚያ ሚኒባስ ገቢ ነው። የጋራዥ ዋጋ ስለከበደን አባቴ ከጎረቤታችን መካኒክ ጋር ግቢያችን ውስጥ ሊቀይረው ወሰነ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ስለነበር ጸሐፊ ሆንኩ። ያገለገለ ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ዘይት፣ የሰንሰለት ማንሻ ኪራይ እያልኩ ባለ ካሬ ደብተሬ ላይ ደረደርኩ።

«ሻዩስ?» አለኝ አባቴ አንገቱን አስግጎ። «መካኒክ ያለ ሻይ ብሎን አይፈታም።»

ሻይም ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር ዲክላራሲዮን ነበር፤ ሞተሩ ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት። ያለሱ አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ አይሰፍርም፤ ሚኒባሱም ቢጠገን ሥራ አይወጣም። አባቴ ከዕቁብ ያወጣው ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ሞተር ብቻ ነበር የሚበቃው።

ሻጩ ሰው ሁሉ «ኦቦ» ብቻ የሚላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ግቢያቸው እርጥብ ሣርና ናፍጣ ይሸት ነበር። አባቴ ሞተሩን አገላብጦ አየ፣ ተከራከረ፣ ከፈለ። ተጨባበጡ። እጅጌውን ጎተት አደረግሁት።

«አባዬ፣ ወረቀቱስ?»

«ተይ እንጂ!» አለኝ በሹክሹክታ። «ቃላቸውን ሰጥተውኛል። ከተጨባበጡ በኋላ ወረቀት መጠየቅ ሌባ ነዎት እንደማለት ነው።»

የሞተሩን ቁጥር ብቻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ዝም ማለት ያኔ አያቅተኝም ነበር።

አመሻሽ ላይ ደብተሩን ሰጠሁት። የተገዛውን አንድ በአንድ በእርሳስ ሰረዘ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ከዚያ ደብተሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። አሁን አባቴ የለም፤ ደብተሩ ግን እኔ ጋ ነው።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሥራ ልፈልግ ነው ብዬ ብቻዬን ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«አካም ቡልተኒ» ብዬ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። አባትሽ ላከሽ?»

«አይ። ለአባቴ ቃልዎ ይበቃዋል። ያልበቃኝ እኔ ነኝ። የሞተሩን ወረቀት ፈልጌ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። መሬት ትዋጠኝ አልኩ። ከዚያ ሳቁ።

«ትናንት ምላስሽን የት ጥለሽው ነበር?»

ከቤት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አመጡልኝ። እያፈርኩም ቢሆን ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ጋር እዚያው ፊታቸው አመሳከርኩ።

ሰበታ ስመለስ አባቴ ሚኒባሱ ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ወረቀቱን ሊብሬው ውስጥ ከትቼ ጫማው አጠገብ አስቀመጥኩለትና ሻይ ላፈላ ገባሁ።