አጎቴ፣ ጫቱና መሪው

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ከተማ በራሱ ሚኒባስ ይሠራ ነበር። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። በዚህ በኩል ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነው፤ ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ካየ ከሚሴ እስክንገባ ይሰብከናል። ትራፊክ አስቁሞ ትንፋሹን ሲያሸተውማ ደስታውን አይችለውም።

ጉንጩ ግን ሁልጊዜ በጫት እንደተወጠረ ነው። ጫት እኛ ዘንድ ዱዓ የሚደረግበት፣ ሽማግሌ የሚመርቅበት ቅጠል ነውና ከስካር ጋር አንድ ላይ የሚያነሳው የለም። ተሳፋሪው ራሱ እንቅልፍ እንዳይጥልህ እያለ ለጋ ለጋውን መርጦ ያጎርሰዋል። እናቴ ብቻ ትነጫነጫለች፤ እሱም ግንባሯን ስሞ እየሳቀ ይወጣል። እሱን መቆጣት ከባድ ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

አንድ የሰንበቴ ገበያ ቀን አብሬው ስመለስ ጋቢና ተቀምጫለሁ። ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ አንዱን ደሴ ሰው አድርሶ ሲመለስ፣ ሌላውን ዱዓ ላይ ሲቅም ነው ያነጋው። ቀጥ ባለው አስፋልት መካከል ቀስ ብሎ አቆመና መሪው ላይ ተደግፎ መጠበቅ ጀመረ። ፊት ለፊታችን ምንም የለም። ከኋላ ምን ሆነ ሲሉት፣ ግመሎቹ ይለፉ እንጂ፣ ነጂዎቹም ደክሟቸዋል፣ ምን አስቸኮላችሁ አለ። ፈራሁ፤ ደግሞም ያ ደግነቱ አንጀቴን በላው።

ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ። «አለቁ?»

«አጎቴ፣ ግመል የለም።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ፣ ተሳፋሪውንም ዞሮ አየ። ማንም አልሳቀም። ጠዋት ጫት ያጎረሱት አንዲት እናት፣ ምርቃና ነው፣ ያልፋል፣ ሳይመሽብን ቀስ እያልክ ንዳ ሲሉ ለመኑት። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። ለመንዳት እጁን ማርሹ ላይ አሳረፈ።

እጁን አነሳና ሞተሩን አጠፋ።

«እናቴ፣ ዛሬ የሌለ ግመል አየሁ» አላቸው። «ነገ ያለ ልጅ ሳላይ ብቀርስ?»

መኪናውን ዳር እየገፋን አወጣን። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ ግራር ሥር ተቀመጠና ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ አለቀሰ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን የወደድኩትን ያህል ወድጄው አላውቅም።

ሌላ መኪና መጥቶ ጫነን። ቁልፉን ግን እስከ ዛሬ መልሺልኝ አላለኝም።