ቆላ ተቀምጠን ጋቢ ደርቡ ተባልን

ዛሬ መተማ ዮሐንስ ሻይ ቤት ውስጥ ሳቅ ሊገድለን ነበር!

ሁለቱ የአካባቢያችን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ የእኛ የቆላውና የደጋው፣ ከተዋሃዱ ወዲህ የሰሊጥ ገበሬዎች ፕሮግራማችን ጠፍቷል። በቦታው የሚመጣው የደገኞቹ የጠዋት ዝግጅት ነው።

ዛሬ ታዲያ አቅራቢዋ «ብርዱ በርትቷልና ጋቢ ደርባችሁ ውጡ» አለችን። እኛ ቬንትሌተር ስር ላባችንን እየጠረግን ነው!

አብረውን የተቀመጡት ሰሊጥ አምራቹ አያ ደርሶ አላስቻላቸውም፤ ወደ ቀጥታ ስርጭቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ እኛ አልጋ ደጅ አውጥተን፣ አንሶላ በውሃ አርሰን ነው የምንተኛው። ጋቢውን ለራስሽ ያዥውና ፕሮግራማችንን መልሱልን!»

አቅራቢዋ በሳቅ ፈነዳች። ቆይታ፣ «አለቃዬ ፕሮግራማችሁ ከሰኞ ጀምሮ ይመለሳል ብሏል» አለች።

ሻይ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሁላችንም ተንጋግተን አያ ደርሶን ብናቅፋቸው «ኧረ ተውኝ፣ ይሞቃል!» አሉን።

እናንተስ ጋ ጣቢያ ሲዋሃድ ምን ቀረባችሁ? የጣቢያዎቹ ስልክ ይሠራል፤ ደውሉ!