እጩውን ለማስቀረት የላክኋቸው ሽማግሌዎች

እኔ የሰው ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ ማለት እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ልጄ «ማሚ፣ ኖት ዩር ቢዝነስ» ትለኛለች። ብሰማት ኖሮ ዛሬ እንቅልፍ አላጣም ነበር።

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት አብራኝ የምትሠራ ናይጄሪያዊት አለች። ስድስት ዓመት አብረን አልጋ አንጥፈናል፣ ሰው አጥበናል፣ ስንቱን አብረን ገንዘናል። ባለፈው ዊንተር አንድ ቀን ብሬክ ላይ ሆነን እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። «እህቴ፣ እናንተ ሰው ሲያስቸግር ሽማግሌ ትልካላችሁ አይደል? ለባሌ ላኪልኝ» አለችኝ። የተጣሉ መስሎኝ ደነገጥኩ። አልተጣሉም። ባሏ አገሩ ገብቶ ለሴኔት ሊወዳደር ነው።

ባሏን በደንብ አውቀዋለሁ። አየር ማረፊያው ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ዝምተኛ፣ ሥራውን ብቻ የሚያውቅ ሰው። አባቱ የገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ደሞዝ ወራት እየዘለለ በሻማ ደብተር ሲያርሙ ኖረው ዓይናቸው ጠፋ። እሱ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ወጣ፣ ኤሌክትሪክ ተማረ፣ ዴንቨር መጥቶ መጀመሪያ ታክሲ ነዳ፣ ከዚያ አሁን ያለበት ሥራ ገባ። የአገሩ ልጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ስለ መንደሩ መብራት ተናገረ። ያንን ንግግር ሰው በስልክ ቀርጾ ላከው፤ አንድ ፓርቲ ጠራው፤ የፓርቲውን የውስጥ ምርጫ ሳያስበው አሸነፈ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሌላው እሱም ራሱ ሊያቆመው አልቻለም።

ካሸነፈ በሳምንቱ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። ሲያነሳው ማንም አይናገርም፤ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ የእናቱ ቤት በር ፎቶ ተላከለት፤ በሩ ላይ በቀይ ቀለም መስመር ተሰምሮበታል። እናቱ ፖሊስ ዘንድ ሄደው ሲያመለክቱ «ልጅዎን ይምከሩ» አሏቸው አሉ። ከዚያ ደግሞ የገዛ ቤታቸው ፎቶ መጣ፣ የአውሮራው። ግቢው በረዶ ለብሷል፤ በረዶው ላይ ባልየው ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ የረገጠው ዱካ አለ። ይህን ስታሳየኝ ስልኩን ተቀብዬ ዱካውን አጎልቼ አየሁት። የዚያን ቀን ጠዋት አንድ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

እኛ ቤት «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» እየተባለ ነው ያደግኩት፤ ታላቅ ወንድሜን የበላን ፖለቲካ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ አልኩና ሦስት ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ሁለቱ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ሱቅ ያላቸው ናቸው። ትልቁ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሴንቴኒያል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ነው የሚኖሩት። ጋሼ ነው የምላቸው። የሚሉትን ሁሉ አስጠናኋቸው፦ «እናትህን አስብ፣ ሚስትህን አስብ፣ ለኛ ስትል ተው።» እንግሊዝኛቸው ብዙም ስላልሆነ የማስተረጉመው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታቸው ገባን። ሰውየው ሽማግሌዎቹን ሲያይ ጎንበስ ብሎ እጁን መሬት አስነካ፣ ወንበር አቀረበ። ጋሼ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ። ይህን ሳስተረጉምለት «ታላላቆቼ ቆመው እኔ አልቀመጥም» አለ። ሁላችንም ሳሎኑ መሀል ቆምን። ሚስቱ ኩሽና በር ላይ ሆና ታየናለች። ጋሼ የመጀመሪያውን ልመና አቀረቡ። «አይሆንም» አለና ለምን እንደሚወዳደር መናገር ጀመረ።

አሁን ሳስበው ድምፁ ደረቅ ነበር። ወለሉን እያየ፣ አንድ እጁን ኮቱ ኪስ ላይ አድርጎ፣ ከወረቀት እንደሚያነብ ሰው ነው የተናገረው። ፓርቲው በየወረዳው መብራት ያስገባል። የወረዳ በጀት በአገረ ገዢው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለወረዳው ይደርሳል። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ፖሊስ ይኖረዋል። የመምህራን ደሞዝ በወሩ ይከፈላል። በቃ፣ ይኸው ነው ያለው።

እኔ ግን ማስተርጎም ስጀምር ልክ የለኝም። ምን እንደሚያንቀዠቅዠኝ እንጃ! እሱ «የመምህራን ደሞዝ» ሲል እኔ አባቱን አመጣሁ፤ ሻማውን፣ የጠፋውን ዓይን፣ እሱ ያላለውን ሁሉ። እሱ «ፖሊስ» ሲል እኔ በሩ ላይ ቀለም የተቀባባቸውን እናቱን አልኩ። ሰው አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠኝ ደስ ይለኛል፣ ጥፋቴ ይኸው ነው። ቀና ስል ጋሼ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። «እኔም እኮ ሰባት ወር ያለ ደሞዝ አስተምሬያለሁ» አሉና ተቀመጡ።

ተቀመጡ! ሽማግሌ ከተቀመጠማ ነገሩ አለቀ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው «ሂድ ልጄ፣ በሰላም ያግባህ፣ ጠላትህን ያስታግስልህ፣ ቃልህ ይሰማ» ብለው መረቁት። ሰውየው ተንበረከከ። ሁላችን «አሜን» አልን፤ እኔም ከልማድ አልኩ። ሚስቱ የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

መኪና ውስጥ ጋሼን ጮኽኩባቸው። «ልንለምን ሄደን ይመርቁታል?» አልኳቸው። «አንቺ ያልሽውን ሰምቼ እንዴት ተው እለዋለሁ?» አሉኝ።

የሄደ ቀን አየር ማረፊያ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ሚስቱ አልሸኝም አለች። ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው ፔኛ ቡሌቫርድ ላይ ስንደርስ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ፖስታ አወጣ። ከእጩነት መውጣቱን ለፓርቲው የሚያሳውቅ ደብዳቤ ነው፤ ፈርሞበታል። የተፈረመው ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው አንድ ቀን በፊት ነው።

«ፈርቻለሁ» አለኝ። «ፈርቼ ቀረሁ ብል ያ ሕዝብ አይምረኝም። ሽማግሌ ለምኖኝ ቀረሁ ብል ግን ማንም ይረዳል። ሚስቴ ካንቺ ሰምታ፣ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ይለምናሉ ብላኝ ነበር። ሁለቴ እምቢ ልል፣ በሦስተኛው ደብዳቤውን አውጥቼ ልሰጣቸው ነበር።»

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የለመንነው።

«ልመልስህ? አሁኑኑ ላዙረው?» አልኩት። «ተመርቄ እንዴት እመለሳለሁ?» አለኝ። ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደው። ሻንጣውን አውርጄለት አቀፍኩት። ኮቱን ቆልፎ ገባ፣ ዞር ብሎም አላየኝ።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። በየቀኑ ለሚስቱ ይደውል ነበር። ከሐሙስ ወዲህ አልደወለም፤ ሲደወልለትም ስልኩ ዝግ ነው። ዛሬ እሁድ ነው። ጠዋት ሥራ ቦታ አንዲት አሮጊት አብረን እያገላበጥን ሳለ ሚስቱ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት አብጧል።

«እህቴ፣ ያ ትልቁ ሽማግሌ ሲመርቅ እግዚአብሔር ይሰማዋል አይደል?» አለችኝ።

«ይሰማዋል» አልኳት። ስለ ደብዳቤው አልነገርኳትም።