የጾሟ ድስት ክርስትና እናት

ዘንድሮ ጥር አሥር ቀን፣ በከተራ ዕለት ረፋድ ላይ፣ ታናሽ እህቴ በከተማችን ሙዚየም ውስጥ፣ በእንግዶች ፊት፣ የእኔን ልጅነት የራሷ አደረገች። ቃሉን መርጬ ነው የጻፍሁት። ሰረቀች አላልሁም፤ መስረቋን ገና አላረጋገጥሁምና። ይህን የምጽፈውም ለማረጋገጥ ነው።

ዐውደ ርእዩ የጎንደርን ምግብ ቤቶች ታሪክ የሚያሳይ ነው። በጣሊያን ጊዜ የመጡ ሹካዎችና ሳህኖች፣ ከፒያሳ ቡና ቤቶች የተሰበሰቡ አሮጌ የማኪያቶ ማሽኖች፣ የጠጅ ቤት ብርሌዎች፣ ቀለማቸው የለቀቀ የቆርቆሮ ማስታወቂያዎች በሥርዓት ተደርድረዋል። በመጨረሻው ክፍል፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ የእናቴ ድስት ተቀምጣለች። ከአራዳው ምግብ ቤታችን የተረፈችው እሷው ናት። በጆሮዋ ላይ ያረጀ ጥቁር ማተብ ታስሯል። ከሥሯ የተለጠፈው መግለጫ፣ የጾሟ ድስት ከፍስኩ ድስት እንድትለይ ማተብ ያሰረችላት የምግብ ቤቱ ባለቤት ልጅ እንደሆነች፣ በዚህም የተነሣ ደንበኞች «የድስቷ ክርስትና እናት» ይሏት እንደነበር ይናገራል። አጠገቡ የእህቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

ማተቡን ያሰርሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ሁለት የሸክላ ድስቶች ነበሯት፤ አንዷ ለጾም፣ አንዷ ለፍስክ። ሁለቱንም የገዛችው ከከተማው ወጣ ብላ ትኖር ከነበረች አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ ነው፤ የአንድ እጅ ሥራ በመሆናቸው መንትያ ይመስሉ ነበር። ሸክላ ደግሞ የጠጣውን አይተፋም። ቅቤ አንድ ጊዜ የገባበት ድስት በአመድ ቢፈተግ፣ በእሳት ቢተኮስ፣ ለጾም አይመለስም። አንድ ዓመት በሑዳዴ ቅበላ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ሳለ እናቴ ራሷ ተሳሳተች፤ ዶሮውን በጾሟ ድስት ሠራችው። ሰኞ በዚያችው ድስት የተሠራ ሽሮ ለደብተራዎች ቀረበ። አንደኛው ጉርሻውን ወደ አፉ አስጠግቶ አሸተተ፤ መልሶ አስቀመጠው፤ እጁን ታጥቦ ወጣ። ባልንጀሮቹም ተከተሉት። ያን ሑዳዴ ከካህናት ወገን ደጃችንን የረገጠ አልነበረም።

እናቴ ከዚያችው ሴት ሌላ ድስት አሠራች። አዲሷ ድስት ምድጃ ላይ ሳትወጣ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ማተቤን ከአንገቴ ፈትቼ በጆሮዋ አሰርሁላት። ማተብ ከአንገት እንደማይወርድ አውቅ ነበር። ድስቷ ግን ይበልጥ የምትፈልገው መሰለኝ። እናቴ አየችኝ፤ አልተቆጣችኝም፣ አላመሰገነችኝምም። ጥቁር ክር ቆርጣ ለእኔ ሌላ ማተብ አሰረችልኝ። ቋጥራ ከጨረሰች በኋላም ጣቷ ማጅራቴ ላይ ጥቂት ቆየ።

በገበያ ቀን ከማክሰኝት የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩን። ክሩን ያዩት እሳቸው ናቸው።

«ምነው፣ ይህች ድስት ክርስትና ተነሣች እንዴ?»

«ተነሥታለች አያ» አለች እናቴ።

«እንግዲያማ ከእኛ ትሻላለች፤ ረቡዕና ዓርብን አትገድፍም። ክርስትና እናቷስ ማን ናት?»

እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። «ይህችው ናት።»

«ሸጋ! በይ እንግዲህ፣ ልጅሽን በደንብ አሳድጊ» አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በምግብ ቤቱ ውስጥ ሌላ ስም አልነበረኝም።

እህቴ ያን ጊዜ በእናቴ ጀርባ ላይ ታዝላ እንቅልፏን ትተኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ እንደ ዕድል ይቆጥርልኛል። እናቴ እኔን ትምህርት ቤት ሰደደችኝ፤ እህቴን ጓዳ አስቀረቻት። የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ ይላሉ። እኔ ግን የማየውን አያለሁ። እኔ ዲግሪ በዲግሪ ላይ ስደርብ እህቴ እናቴን አገኘች፤ የቁሌቱን ልክ፣ የድልሁን ምሥጢር፣ ሁለቱ ብቻ የሚስቁበትን ወሬ። ለዕረፍት ስመለስ ከጓዳ የሚሰማው ሳቅ እኔ ስገባ ይቋረጣል። «ተማሪዋ ደክሟታል፣ አረፍ በይ» ትለኛለች እናቴ፤ ወንበርም ይቀርብልኛል። ሽንኩርት ክተፊልኝ ያለችኝ ቀን የለም። በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ የምለው ከድስት ጆሮ ላይ የታሰረው ክር ብቻ ነበር።

በከተራው ዕለት እህቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ለእንግዶች ስታስረዳ ደረስሁ።

«እትዬ! መጣሽልኝ!» አለችና ወደ ሰዎቹ ዞረች። «ዶክተሯ መጥታለች፤ ከእንግዲህ ሁላችንም መታረማችን ነው።»

ሳቁላት። እኔ ድስቷን ተመለከትሁ። አፏ ድረስ ከጂፕሰም በተሠራ ዶሮ ወጥ ተሞልታለች፤ እንቁላሎቹ እንኳ አልቀሩም።

«በጾሟ ድስት ዶሮ?» አልኋት። «ያውም በገሃድ ጾም?»

«ጂፕሰም ጾም ነው እትዬ።»

እንደገና ሳቁ። እንዲህ ያለው ቀልድ የእናቴ ነው። እሱም ለእሷ ደረሰ እንጂ ለእኔ አልደረሰም።

«ማተቡን ያሰረው ማን ነው?» ስል ጠየቅኋት።

ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ። ክንዴን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። «እማዬ ናት የነገረችኝ። መጨረሻዋ ላይ እጄን ይዛ፣ ‹አንቺ ነሽኮ ያሰርሽላት› ትለኝ ነበር። እኔም ያለችኝን ነገርኋቸው። ምነው እትዬ፣ ለአንዲት ክር ብለሽ በዓሌን ታበላሺብኛለሽ?»

«አንቺ ያን ጊዜ ታዝለሽ ነበር።»

«እኔ ምን አውቄ? እናቴን ዋሸሽ ልበላት?»

እናቴን አለች፤ እናታችንን አላለችም። ክንዴን አስለቅቄ ወጣሁ። መንገዱ ታቦት በሚጠብቅ ነጭ ለባሽ ተሞልቶ ነበር፤ በመካከሉ እየተጋፋሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ብዙ ቀን አንድ ነገር ብቻ አመንሁ፤ እናቴ የእኔ የሆነችውን አንዲት ነገር እንኳ ለእሷ ጨምራ እንደሰጠቻት። ከዚያ ግን ሳልወድ የመጨረሻዋን ፍልሰታ አስታወስሁ። እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ ሰው መለየት ተስኗታል። ውኃ ስትፈልግ እህቴን በእኔ ስም ትጠራታለች። እህቴም ሳታርማት «አቤት እማዬ» ትላለች። እኔን ደግሞ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ምነው እንግዳዬ፣ ቆሙሳ፤ ይቀመጡ እንጂ» አለችኝ። እናቴ አንቱ አለችኝ። ያን ጊዜ እህቴ ስሜንም እንደወሰደችብኝ ቆጥሬ በማግሥቱ ከቤቱ ወጣሁ።

አሁን ሌላ ነገር ማሰብ ግድ ሆነብኝ። እናቴ «አንቺ ነሽኮ» ያለችው በእኔ ስም ጠርታት ከሆነ፣ የምታናግረው እኔን ነበር። እህቴ የሰማችው ለእኔ የተነገረ ቃል ነው። በራሷ ስም ጠርታት ከሆነ ግን ማተቡ የእህቴ ነው፤ እናቴ ሰጥታታለች፣ እኔም የምከራከርበት ነገር የለኝም።

እህቴ ሆይ፣ መግለጫው እንዲነሣ አልጠየቅሁም፤ ፎቶግራፍሽም ባለበት ይቆይ። ዐውደ ርእዩ ለሑዳዴ ቅበላ ሳይዘጋ፣ ፊት ለፊቴ ቆመሽ፣ ያለ ቀልድ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፦ እናታችን እጅሽን ይዛ «አንቺ ነሽኮ ያሰርሽላት» ስትልሽ፣ የጠራችሽ በማን ስም ነበር? በአንቺ ወይስ በእኔ?