እህቴ አማርኛዋን ያጣች ጊዜ

ታላቅ እህቴ በጂንካ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበረች። የተወለድነው ከከተማው በላይ ካለው የአሪ ደጋ ነው፤ አፍ የፈታነውም በአሪኛ ነው። እሷ ግን ገና ልጅ ሳለች እናታችንን ተከትላ ካኮ ገበያ እየወረደች ከበና ሴቶች ጋር ስለምትውል፣ በናዎችና ሐመሮች የሚነጋገሩበትን ቋንቋ እንደ ራሷ ለመደችው። አማርኛን የተማረችው ጂንካ ትምህርት ቤት ገብታ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍርድ ቤቱ የገጠሩን ሰው በቋንቋው የሚያናግርለት ሲፈልግ እሷን ቀጠረ። እኔን ከመንደር አምጥታ ለአስተማሪነት ያበቃችኝ በዚያ ሥራ ነው።

በሥራዋ አትጨምርም፣ አትቀንስም። አንድ ባለጉዳይ ሽማግሌ በዳኛው ተናድደው «ይሄ ጢም ያላበቀለ ልጅ ምን ያውቃል?» ቢሉ፣ ፊቷን ሳትለውጥ ለዳኛው እንዳለ ተረጎመችለት። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛውም አብሮ ሳቀ። «ቃሉ የእኔ አይደለም፤ የእኔ ያልሆነን ነገር ቆርጬ ማስቀረት አልችልም» ትል ነበር።

ባለቤቷ ቀድሟት ሞተ። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ልጅቷ ከተማ መሀል ስላደገች ከአማርኛ ሌላ አታውቅም፤ ለሦስት ሕዝብ የምታስተረጉም እናት ለገዛ ልጇ አሪኛ ሳታስተምር ቀረች። ያኔ ማንም ይህን ልብ አላለውም።

ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘው ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ መድኃኒቱንም ጨረሰች። ጸጉሯ መልሶ በቀለ፤ ወደ ችሎቷ ተመለሰች፤ ዓመታት አለፉ። እኛም አለፈ ብለን ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማት ጀመር። መነጽሬ ነው አለች። ቀጥሎ ማስመለስ መጣ፤ ምግብ ነው አለች። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ ከክፍል አስጠራኝ።

«እህትህን ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለኝ። «ዛሬ ለዳኛው በአሪኛ፣ ለባለጉዳዩ በአማርኛ ስትናገር ዋለች። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ኋላ ግን ‘ምስክር’ የሚለው ቃል ጠፋት። ፈልጋ ፈልጋ አጣችውና ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።»

ስደርስ እዚያው ደረጃ ላይ ነበረች። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳት። ያየን ወጣት ሐኪም የድሮውን የጡት ሕመም ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ካንሰር የነበረበት ሰው ራሱን ሲያመውና ቃል ሲጠፋው፣ ተራ ራስ ምታት ነው ብለን አንሸኘውም» አለኝ። «የአንጎል ኤምአርአይ ያስፈልጋታል፤ እሱም በኮንትራስት።»

ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጤነኛው አንጎል መድኃኒቱን ከደም ሥሩ አያሾልከውም። ዕጢ ያለበት ቦታ ግን ያፈስሳል፤ እዚያ ላይ ፎቶው ነጭ ሆኖ ይበራል። ያለ እሱ ትንንሾቹ ሊያመልጡን ይችላሉ።»

መሣሪያው እኛ ዘንድ የለም። ሦስታችን፣ እሷ፣ ልጇና እኔ፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈርን። ኮንሶ ላይ ቁርስ ልንበላ ስንወርድ ልጅቷ እናቷን ምን ላዝዝልሽ አለቻት። እህቴ መለሰች፤ የመለሰችው ግን በአሪኛ ነው። ልጅቷ ፈገግ ብላ ጠበቀች። እህቴ ደገመችው፤ አሁንም በአሪኛ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«አጎቴ፣ እማዬ ምን አለች?»

«ሻይ ብቻ ይበቃኛል አለች።»

ከዚያ በኋላ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መሀላቸው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ኩላሊቷ መድኃኒቱን እንደሚችል በደም ከተመረመረ በኋላ ተራችን ደረሰ። የጆሮ ጌጧን፣ የጸጉር ማስያዣዋን፣ ብረት ያለበትን ሁሉ አወለቅንላት። ባለሙያው አማርኛ እንደማትሰማው ሲያይ እኔም ኪሴን አራግፌ አብሬያት እንድገባ ፈቀደ። ራሷን እንደ ቅርጫት ባለ ነገር ከደነው፤ ከጨነቃት የምትጨምቀው የጎማ ኳስ አስያዛት። «እንዳትንቀሳቀስ ንገራት» አለኝ፤ ነገርኳት። ወደ ጠባቡ ዋሻ ስትገባ ወደ ውጭ የቀረው እግሯ ስለሆነ እግሯን ያዝኩ። መሣሪያው ቆርቆሮ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ ይመስል ያንቋቋ ጀመር። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

መሀል ላይ ድምፁ ቆመ። ወደ ውጭ አወጧትና መድኃኒቱን ክንዷ ላይ ሰጧት። «ቀዘቀዘኝ» አለችኝ በቋንቋችን። እንደገና ገባች። ስንወጣ፣ ከመግባታችን በፊት ስለ ጂንካ አየር ሲጠይቀኝ የነበረው ባለሙያ አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ይማርልህ» ብቻ አለኝ። ያን ጊዜ አወቅኩ።

በማግስቱ ስፔሻሊስቱ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ከፈተልን። አንደኛው ከመድኃኒቱ በፊት የተነሳ ነው፤ ግራጫ ነው፤ በግራ በኩል ጉም የመሰለ እብጠት ከመታየቱ በቀር እኔ ምንም አላየሁበትም። ሁለተኛው ላይ ግን የበቆሎ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች እዚህም እዚያም በርተዋል። ከሁሉ ትልቁ ጉሙ መሀል ነበር፤ ንግግርን የሚያዘው ክፍል አጠገብ። ሐኪሙ በጥሞና፣ ሳይቸኩል፣ ረጅም ተናገረ። ከዚያ «ንገራቸው» አለኝ።

«አንጎልሽ ላይ እብጠት አለ። መድኃኒት ይሰጡሻል» አልኳት።

እህቴ አፍጥጣ አየችኝ።

«ሰውየው ብዙ ተናገረ፤ አንተ ትንሽ ተናገርክ» አለች። «እንደዚህ አይተረጎምም። የነገረህን ስጠኝ።»

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ። «ምን አለች?» አለች ልጅቷ። ወንበሬን ወደ እህቴ አዞርኩና ሁሉንም ነገርኳት። ሕመሙ ካንሰር እንደሆነ፣ ከጡት ተነስቶ ራሷ ውስጥ እንደ ዘር ተበትኖ ብዙ ቦታ እንደበቀለ፣ በቀዶ ሕክምና እንደማይወጣ፣ ኪኒንና ጨረር ዕድሜ ቢጨምሩ እንጂ እንደማያድኑ። እሷም ችሎት ፊት እንደቆመች ሁሉ ቀጥ ብላ ነው የሰማችኝ።

«አማርኛዬ ይመለስ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ። «እብጠቱን የሚቀንሰውን ኪኒን ስንጀምር ለጊዜው ሊመለስ ይችላል» አለ ሐኪሙ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ይጀምሩልኝ» አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ባረፍንበት ዘመድ ቤት፣ ልጅቷ ቁርስ ስታቀርብ እህቴ ቀና ብላ «ማን ነው ጸጉርሽን እንዲህ ያጣመመብሽ? ነይ ላስተካክለው» አለች፤ ጥርት ባለ አማርኛ። ልጅቷ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ አለቀሰች። እህቴም ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ጸጉሯን ከመጀመሪያው ፈትታ ሠራቻት።

ጨረሩን ጨርሰን ወደ ጂንካ ተመለስን። በእነዚያ ሳምንታት እናትና ልጅ ከቤቱ ጓሮ ከአቮካዶው ሥር ይቀመጡ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ ድምፃቸውን ሰምቼ በሌላ በኩል እገባለሁ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም።

ኪኒኑ የሰጠውን መልሶ ወሰደ። መጀመሪያ የሰው ስም፣ ከዚያ የዕቃ ስም፣ ከዚያ አማርኛው በሙሉ ሄደ። ልጅቷ ማታ ማታ ወደ እኔ እየመጣች «አጎቴ፣ ‘የት ጋ ነው የሚያምሽ’ በአሪኛ እንዴት ይባላል? ‘ልገልብጥሽ’ስ?» ትለኛለች። እነግራታለሁ፤ እንዳይጠፋት አፏ ውስጥ እየደጋገመች ትመለሳለች። ስታበላሸው እህቴ በተኛችበት ትስቃለች፤ በግማሽ አፏ፣ ምክንያቱም ሌላው ግማሽ መታዘዝ ትቶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡት ሴቶች በአሪኛ ሲዘምሩ ልጅቷም አብራ ትሞክር ነበር።

ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ ልጇ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ስትነካላት፣ ትንፋሿ ቆመ። ስንቀብራት ጉድጓዱ ውኃ እየያዘ ሰዎች በባልዲ ሲቀዱ ቆዩ። ከደጋም ከቆላም ሰው መጥቶ ነበር።

ልጅቷ አሁን እኔ ዘንድ ናት። አስተማሪ አይደለሁ፣ ብዙ እናገራለሁ፤ ዕድሜም እየገፋ ስለሆነ አልፎ አልፎ የአንድ ነገር ስም ይጠፋብኛል። «ያንን… ምን ነበር ስሙ… አምጪልኝ» እላለሁ። እሷ የያዘችውን ታስቀምጥና አፌን ታያለች። ቃሉ እስኪመጣልኝ አትንቀሳቀስም።