ወደ ኋላ የሚሮጥ አጥቂ

ባለፈው የወንድሜ ልጅ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥኑ ላይ ፈረንጆች በበረዶ እየተንሸራተቱ፣ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ አንዲት ጥቁር ነገር ሲያሳድዱ አየሁ። የያዘኝ ድምፁ ነው፤ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ የሚሰማው ያ ደረቅ ኳኳታ። "ይኼማ ገና ነው" ስለው ሳቀብኝና የጨዋታውን ስም ነገረኝ። ስሙ ወዲያው ጠፋኝ። አዲስ የተላጠ የወይራ ዱላ ሽታ ግን አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ ቀጥሎ የደባርቅ የጥር ፀሐይ፣ ቀጥሎ ያ ልጅ። ለማንም ሳልናገር ተነሥቼ ወጣሁ። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

በደርግ ጊዜ ነው። ገና ማለት ድሮ ገብሱ ተወቅቶ ካለቀ በኋላ ሰፈር ከሰፈር የሚፋለምበት፣ የተሸነፈው የሚሰደብበትና ማንም የማይቀየምበት ጨዋታ ነበር። በኋላ "የባህል ስፖርት" ተባለና ዳኛና ፊሽካ፣ መዝገብና ማኅተም መጣለት። ያሸነፈ ጎንደር ድረስ ይሄዳል ተባለ። እኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ስውል ጽሕፈቷ ያምራል ብለው የቀበሌያችን ወጣት ማኅበር ጸሐፊ አደረጉኝ፤ ተጫዋቾቹን የምመዘግበውም እኔ ሆንኩ። ምላሴ ስለማያርፍ ከወንዶቹ ደጋፊዎች እኩል ቆሜ የምከራከር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ደግሞ ይህን እወደው ነበር፤ አልዋሽሽም።

ልጁ የጎረቤታችን ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት እናቱ ጠላ እየሸጠች ያሳደገችው፣ ቀጭን፣ ዝም ያለ ልጅ። ቀኝ አጥቂ ነበር። አጥቂ ይባል እንጂ ሩሯ፣ ያቺ ከእንጨት ሥር የተጠረበች ኳሳቸው፣ ወደ እኛ ግብ ስትመጣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ኋላ የሚሮጠው እሱ ነው። ከባላጋራው ዱላ ሥር ገብቶ ይነጥቃትና ለጓደኛው ሰጥቶ እንደገና ይመለሳል። ራሱ ግብ ሲያስቆጥር ያየ ሰው የለም።

ይህ ነገር ደባርቅን ለሁለት ከፈላት። ጠዋት ጠዋት፣ ውርጩ ሳይለቅ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት የልኳንዳው ግድግዳ ሥር ጋቢያችንን ተከናንበን እንሟገት ነበር። ባለልኳንዳው ቢላዋውን እየሳለ ከውስጥ ይጮኻል።

"አጥቂ ሁኖ ከኋላ የሚውል ምን ይረባል? ግብ ጠባቂ አለን እኮ!"

"ያንተ ግብ አስቆጣሪ ሩሯን ከየት ያገኛታል? ከሰማይ ትወርድለታለች?" እለዋለሁ።

"አንቺ ልጅ ጎረቤትሽ ስለሆነ ነው።"

"ጎረቤቴስ ቢሆን? ዓይን የለህም?"

እንዲህ እያልን ፀሐዩ ይጠነክራል። የሚገርመው ልጁ አንዳንዴ በዚያው ሲያልፍ ይሰማናል፤ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ከዳባት ጋር ልንጋጠም ሳምንት ሲቀረው አዲስ ሕግ መጣ፤ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ አይጫወትም። አሰልጣኙ፣ የስፖርት አስተማሪው ማለቴ ነው፣ እሱም ግብ የማያስቆጥር አጥቂ አይወድም ነበርና ልጁን ለማስቀረት ምክንያት አገኘ። ባለልኳንዳውም ደስ አለው። "በቃ፣ ሕግ ፈረደብሽ" አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። ይህ ቃሉ አንጀቴን አሳረረው።

እዚያ አገር የልደት ወረቀት ያለው ሰው አልነበረም። ዕድሜ ማለት እናት የምታስታውሰው፣ የንስሐ አባት የሚመሰክሩት፣ አለዚያም ጸሐፊዋ የጻፈችው ነው። ልጁ ዐሥራ ስድስቱን ገና መያዙ ነበር። ማታውኑ ቢሮ ገብቼ በዚያ ያምራል በተባለው ጽሕፈቴ ዐሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩና ማኅተሙን መታሁበት። ማንም አላዘዘኝም። ልጁም አልጠየቀኝም። ክርክሩን ለማሸነፍ ስል ነው የጻፍኩት። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

አሸነፍኩም። ዳባቶች ዘፈን በጫነ አውቶቡስ መጡ፤ ስንት ዓመት ያሸነፉን ሰዎች ናቸው። ሜዳው አጨዳው ያለቀለት የገብስ ማሳ ነበር፤ ዱላው መሬት ሲነካ አቧራና የገለባ ሽታ ይነሣል። እኛ በጊዜ አንድ አገባንና ከዚያ በኋላ ያ ቀን የልጁ ቀን ሆነ። በቀኝ ቢመጡ እሱ፣ በመካከል ቢመጡ እሱ። ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ እያነከሰም ይመለሳል። ፊሽካው ሲነፋ ባለልኳንዳው ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና "አጥቂ አይደለም ብያለሁ፣ አሁንም አይደለም፤ ግን ከቡድኑ እንዳይወጣ" አለኝ። ጎንደርም ሄድን። ለፍጻሜ ይደርሳሉ ብሎ የጠበቀን የለም፤ ደረስን፣ በአንድ ግብ ተሸነፍን። ስንመለስ ሠንጋ ታረደልን፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ለተጫዋቾቹ ሁሉ ቱታ እንደሚሰጣቸው በድምፅ ማጉያ ተናገረ።

ከሁለት ወር በኋላ ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ "የስፖርተኞቹን መዝገብ አምጪው" አለኝ። ቱታው መጣ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። እየሮጥኩ ነው የሰጠሁት። ለብሔራዊ ውትድርና ከየቀበሌው ሰው ተፈልጎ ነበር፤ ጤነኛ፣ ሯጭ፣ ዕድሜያቸው በማኅተም የጸና ወጣቶች መዝገብ እጁ ላይ አኖርኩለት። በማግሥቱ ጠዋት ከየቤታቸው ለቀሟቸው።

እናቱ የንስሐ አባቷን ይዛ ቀበሌ መጣች። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው "ያጠመቅኩት በእጄ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ በመስቀሉ እመሰክራለሁ" አሉ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን አኖረበት።

"አባ፣ ወረቀቱ ዐሥራ ስምንት ይላል። ይኸው ጸሐፊዋም አለች" አለና ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ ነሽ የጻፍሽው። ስንት ነው ዕድሜው?"

ዋሽቼ ነው ብል መታሰሬ ነው ብዬ ፈራሁ። ከመታሰር በላይ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባጭበረበረች ጸሐፊ ነው ጎንደር የደረስነው መባሉን ፈራሁ። እናቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"እንደተጻፈው ነው" አልኩ።

እናቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ላለማግኘት ስል ገበያ የምሄደው በሌላ መንገድ ነበር። ማኅበሩንም ተውኩት። ከልጁ አንድ ደብዳቤ መጣ ሲባል ሰማሁ፣ ከአሥመራ አካባቢ። ከዚያ በኋላ ምንም።

መንግሥቱ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ወታደሮቹ በእግራቸው በሊማሊሞ ሽቅብ ይመጡ ጀመር፤ ከንፈራቸው የደረቀ፣ እግራቸው የተላጠ። እናቱ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ውኃ በጣሳ እየሰጠች ፊታቸውን አንድ በአንድ ታያለች። ጠዋት ትመጣለች፣ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ትገባለች። ከሩቅ ስንት ቀን አየኋት። በመጨረሻ እግሬ ወሰደኝና ፊቷ ቆምኩ።

"እማማ፣ እኔ ያን ቀን…" ብዬ ጀመርኩ።

"ተይው" አለችኝ። "ተቀመጪ። ሁሌ ልጠራሽ እያልኩ አንቺው ስትሸሽኝ ጊዜ…" ውኃውን ለአንድ ወታደር ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች። "እኔ ልጄ ሲጫወት አይቼው አላውቅም። ጠላዬን ትቼ የት እሄዳለሁ? እነዚያ አብረውት የተጫወቱትም እንደወጡ ቀሩ። ስለ እሱ በደግ የሚነግረኝ ካንቺ በቀር ማን አለኝ? ንገሪኝ እስኪ፣ እንዴት ነበር?"

ከጎኗ ተቀመጥኩ። እንዴት ወደ ኋላ እንደሚሮጥ ነገርኳት። ዳባቶች በቀኝ ሲመጡ፣ በመካከል ሲመጡ፣ ቁርጭምጭሚቱን ተመትቶ ሲያነክስ፣ ሁሉን ነገርኳት። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ትሰማኛለች፤ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች።

"ግብ አያስቆጥርም እያሉ ያሙት ነበር" አለች በመጨረሻ። "እውነት አንድም የለው? አንዲት እንኳ?"

ፊቷን ሳየው አንዲት እንድሰጣት ነው የምትለምነኝ። ማን ያውቅብኛል? አብረውት የተጫወቱት አልተመለሱም፤ ባለልኳንዳውም እናት ፊት አይከራከረኝም።

"አንድም የለውም፣ እማማ" አልኳት። በእሱ ነገር ሁለተኛ መዋሸት አልሆነልኝም።